«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ረከዓ መሳት ማንንም ያጋጥማል። ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ዉዱእ ቅደም ተከተሉ የጠፋባቸው፣ ከመስጂድ ወጥተው የቤታቸው መንገድ የሚምታታባቸው አባት ግን «ጃጅተዋል» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ ታመዋል።

በብዛት የሚታየው የመርሳት በሽታ አልዛይመር ነው። ቀስ ብሎ ይገባል፤ የቅርቡን አጥፍቶ የጥንቱን ያቆያል። በልጅነት የሐፈዙትን ሱራ እየቀሩ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው። ሌላው ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከስትሮክ የሚመጣው የደም ሥር ዓይነት ነው። ሌዊ ቦዲ የሚባለው ደግሞ የሌለ ሰው ያሳያል፤ ቤተሰብም «ጂን ነው» ይላል። ሩቅያው ይቀጥል፤ ሐኪምም ይያቸው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ማረጋጊያዎች እነዚህን ሕሙማን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉና በራስ ፈቃድ አይሰጡ።

እኛ ፋርማሲ ውስጥ የምንታዘበው ሌላ ነገር አለ። «እንቅልፍ እንዲወስዳቸው» ተብሎ የሚገዛው የአለርጂ ክኒን፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን፣ የአዛውንትን አእምሮ ያደበዝዛል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ሕመምም የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን ይታከማሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ እቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።