ለመንገደኛው አልጋ፦ በረመዳን የት እንደር?

አምና ረመዳን ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከተራዊሕ በኋላ አንድ አባወራ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መስጊዳችን በር ላይ ቆመ። ኢድን ከወላጆቹ ጋር ሊያሳልፍ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ሲጓዝ የተሳፈሩበት መኪና ተበላሽቶ ውጫሌ ላይ መሽቶበታል። «አልጋ የት ይገኛል?» ሲል ጠየቀን። በጣታችን ወደ አስፋልቱ ጠቆምነው፤ «አላህ ያግራላችሁ» ብለንም ወደየቤታችን ገባን።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስናገኘው፣ ለአንድ ሌሊት አልጋ ለልጆቹ የኢድ ልብስ የያዘውን ገንዘብ እንደጨረሰ ሰማን። ልጆቹ ደክመው ነበርና ዋጋ ሳይጠይቅ ገባ፤ ሂሳቡን ያወቀው ሲወጣ ነው። ከመስጊዱ ጀርባ ግን ባዶ ክፍል ነበረን። በየቤታችንም ለእንግዳ የሚነጠፍ ፍራሽ አይጠፋም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ የጠቆምነው መንገድ እንጂ ማደሪያ አልነበረም።

ውጫሌን ብዙ ሰው የሚያውቃት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ለእኛ ግን በደሴና በወልድያ መካከል መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ናት። የመንገደኛ ሐቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛው ነው፤ በአገሩ ሀብታም ቢሆንም እንኳ ስንቁ መንገድ ላይ ካለቀበት ይሰጠዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ መሆኑን አስተምረዋል። እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር እንዳይቆይ ከልክለዋል። ሐቁ የሁለቱም ነው።

አባቶቻችንም በዚህ ተጠቅመዋል። በካይሮው አል-አዝሀር ከእኛ አካባቢ አገሮች ለሚመጡ የዲን ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበር፤ የጀበርት ሪዋቅ ይባላል። ድሃው ደረሳ በባዕድ ከተማ ጎኑን የሚያሳርፈው እዚያ ነበር። ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የተገኘው ይህን ሪዋቅ በአለቅነት ከመራ ቤተሰብ ነው። በወሎም ደረሳ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ያደረው በሰው ቤት፣ የበላውም የሰው እንጀራ ነው።

ዘንድሮ ለኢድ ወደ አገር ቤት ለምትጓዙ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር አለን።

ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። ለክፍሉ ነው ወይስ በሰው ቁጥር? ለልጆች ፍራሽ ማስጨመር ሁለተኛ ክፍል ከመያዝ ይረክሳል። ከአስፋልቱ ገባ ያለው ፔንሲዮን ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፤ የመኪና ጩኸትም የለበትም። የጋራ መታጠቢያ ያለውን የምትይዙ ከሆነ ለሴቶችና ለልጆች መመቸቱን፣ ለውዱእ የሚሆን ውሃ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ቢያንስ አንድ ጀሪካን አስሞሉ። ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለበት ቤት ርካሽ ቢሆንም ሌሊቱን አያስተኛችሁም።

ለሱሑር ወጥ ቤቱን አትመኑ። ቴምርና ዳቦ ከያዛችሁ በሌሊት ምግብ ፍለጋ አትንከራተቱም። ቂብላ ከጠፋችሁም ወሎ ከመካ በስተደቡብ ስለሆነች ወደ ሰሜን ዙሩ። ውጫሌ ላይ «ወልድያ በየት በኩል ነው?» ማለት ይበቃል።

የአልጋ ገንዘብ ለማትረፍ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ግን ቁጠባ አይደለም። እንቅልፍ ያናወዘው ሹፌር ራሱንም ቤተሰቡንም ለአደጋ ይጥላል። አላህ ለመንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዶለታል። በመንገድ ላይ ሳላችሁ ባለ አራት ረከዓውን ሶላትም ሁለት አድርጋችሁ ትሰግዳላችሁ። በአንድ ስፍራ ለመቆየት ካሰባችሁ ግን የቀኑን ቁጥር አስተውሉ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ አራት ሙሉ ቀን፣ በሐነፊይ አሥራ አምስት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው የመንገደኛ ፈቃድ ያበቃለታል።

አልጋ ለምታከራዩ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ትርፍ ሐላል ነው። ዋጋችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የመሸበትን ሰው ጭንቀት ግን ገበያ አታድርጉት።

እኛም ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ክፍል ጠርገን ምንጣፍ አንጥፈንበታል። ሦስት ቤቶችም ሴቶችና ልጆችን ለማሳደር ቃል ገብተዋል። ጥቂት ነው። ነገር ግን ከተራዊሕ በኋላ በር ላይ የቆመ ሰው ስናይ የመጀመሪያው ጥያቄ ከእኛ እንዲወጣ ተስማምተናል፦ «የት ታድራላችሁ?»

ያ አባወራ ዘንድሮም በዚህ መንገድ ያልፍ ይሆናል። ካለፈ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ መንገደኛውንም በሰላም ያግባልን።