ዳገት ላይ የሚቆራረጥ ሞተር፦ ተረትና እውነታ

ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር ወይም ከአውሮራ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ከ1,600 ሜትር ተነስቶ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ይወጣል። ያረጀ ፒክአፕ ተሳቢ ታስሮበት ይህን ዳገት ሲያያዘው የደበቀውን ሕመም ያወጣል። ከተማ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረ ሞተር መቆራረጥ ይጀምራል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ ሚስፋየር ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ፣ ተራው ደርሶ ሳያቃጥል ያልፋል።

ከዚያ ምክር ይጎርፋል። «ቦቢናውን ቀይረው»፣ «ካንዴላ ነው»፣ «ፕሪሚየም ቅዳበት»፣ «ከፍታው ነው፣ ተወው»። እያንዳንዱ ምክር የሆነ ቀን፣ የሆነ መኪና ላይ ሠርቷል፤ ሰው አምኖ የሚደጋግመውም ለዚህ ነው። እዚህ የማነሳው ከ2004 እስከ 2008 ሞዴል ያለውን፣ ባለ 5.4 ሊትር ትራይተን ሞተር ፎርድ ኤፍ-150 ነው። ለመጎተት ጉልበት ያለው፣ አሁንም በየመንገዱ የሚሠራ መኪና ነው። በግምት የሚደረግ ጥገና ግን እዚህ ሞተር ላይ ከብዙዎቹ የባሰ ያከስራል።

«ኮዱ ቦቢናው ሞቷል ብሏል»

ኮዱ እንዲህ አላለም። ስካነር ላይ የሚወጣው ኮድ ፒ0303 ከሆነ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር እያቃጠለ አይደለም ማለት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ብልጭታውን አያይም። የሚያየው የክራንክሻፍቱን ፍጥነት ነው። ስምንት ሰው በተራ የሚገፋው መኪና አንዱ እጁን ሲያነሳ ለቅጽበት እንደሚዘገይ፣ ክራንክሻፍቱም ያልተቃጠለው ሲሊንደር ተራ ሲደርስ በጥቂቱ ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ያቺን መዘግየት ቆጥሮ የሲሊንደሩን ቁጥር ይሰጣል። ምክንያቱ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር፣ የተበላ ሽቦ ወይም የወደቀ ኮምፕሬሽን ሊሆን ይችላል። ፒ0300 ከመጣ ደግሞ ሚስፋየሩ ከሲሊንደር ሲሊንደር ይዘላል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ቦቢና ከመጠርጠር ሁሉም የሚጋሩትን ነዳጅና አየር መፈተሽ ይቀድማል።

ቁጥሩን ማወቅም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፎርድ ቪ8 ከ1 እስከ 4 ያሉት ሲሊንደሮች በተሳፋሪው በኩል ከፊት ወደ ኋላ ይቆጠራሉ፤ ከ5 እስከ 8 ያሉት በሾፌሩ በኩል ናቸው። በሼቭሮሌ ቪ8 ግን ጎዶሎ ቁጥሮቹ በሾፌሩ በኩል፣ ሙሉዎቹ በተሳፋሪው በኩል ይሆናሉ። የሼቭሮሌ ልማድ ይዞ ፎርድ የሚከፍት ሰው ጤነኛውን ቦቢና አውጥቶ የታመመውን ቦታው ላይ ይተወዋል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነፃ ፈተና አለ። የሦስተኛውን ቦቢና ከሰባተኛው ጋር ማቀያየር ነው። ኮዱ ወደ ፒ0307 ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው ፒ0303 ላይ ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው፣ ገንዘቡም ኪስ ውስጥ ይቆያል።

«ሰፈር ውስጥ ዞርኩበት፣ ድኗል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያታልለው ይህ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና የአየር ማስገቢያው ገና ጠባብ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ትንሽ ነው። በትንሽ ግፊት ውስጥ ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት በቀላሉ ይዘላል። ሁለት ቶን ተሳቢ ታስሮ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ግን ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፤ አየሩ በታመቀ ቁጥር ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል። ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል። ቦቢናውን ከካንዴላው የሚያገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የካንዴላው ክፍተት በአገልግሎት ብዛት ከሰፋ፣ ብልጭታው ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ትቶ በጎን ወደ ቴስታታው ብረት ያፈተልካል። ጎማው ወጥቶ ሲታይ ውስጡ ላይ ወይም በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ጥቁር መስመር ይገኛል። ጎማውና ስፕሪንጉ ብቻቸውን ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ከሙሉ ቦቢና በብዙ ያንሳል።

ውሃም ይህንኑ ያደርጋል። በዚህ ሞተር ካንዴላዎቹ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ሞተር በፕሬሸር ከታጠበ፣ ወይም ከማሞቂያው ቱቦ የራዲያተር ውሃ ከተንጠባጠበ፣ ጉድጓዱ ይሞላል። ቦቢናው አዲስም ቢሆን እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ብልጭታው ማፈትለኩን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከማቀያየሩ በኋላ ባዶ መኪና ይዞ ሰፈር ውስጥ መዞር ምንም አይናገርም። ተሳቢው ታስሮ፣ ችግሩ በታየበት ዳገት ላይ፣ በዚያው ፍጥነት መሞከር አለበት። ሚስፋየር በመጀመሪያው ጉዞ ሲያዝ ኮዱ በጊዜያዊነት ይመዘገባል፤ መብራቱ ብዙውን ጊዜ የሚበራው በሚቀጥለው ጉዞ ሲደገም ነው። በመብራቱ አለመብራት ብቻ «ድኗል» ማለት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

«ካንዴላ መቀየር ማንን ይጎዳል?»

በሌላ መኪና ማንንም አይጎዳም። በዚህኛው ግን ብዙዎችን ጎድቷል። የእነዚህ ዓመታት ባለ ሦስት ቫልቭ ትራይተን ካንዴላ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ነው፤ የታችኛው ረጅም ቱቦ በካርቦን ተጣብቆ ቴስታታው ውስጥ ይነክሳል። መካኒኩ እንደ ለመደው በኃይል ሲፈታ ላይኛው ክፍል ብቻ ይወጣል፣ ታችኛው ውስጥ ይቀራል። የቀረውን ለማውጣት ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ የቀን ሥራ ይሆናል።

ፎርድ ራሱ ለመካኒኮች ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ሙቅ መሆን የለበትም። ካንዴላው መጀመሪያ ከዙር አንድ ስምንተኛ እስከ አንድ አራተኛ ብቻ ይላላል፤ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የካርቡራተር ማጽጃ ይፈስበትና ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ፣ ሳይቸኩሉ ይፈታል። ስለዚህ ምርመራ ሳይደረግ «ለማንኛውም ስምንቱንም እንቀይር» የሚል ጋራዥ ካለ፣ ይህን አሠራር ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው። ካንዴላዎቹ ዘመናቸውን ከጨረሱ መቀየራቸው አይቀርም፤ ግን በእርጋታ፣ በቀዝቃዛ ሞተር።

«ቤንዚን ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አይነሳም ነበር»

የደከመ ፓምፕ ሞተር ያስነሳል፣ ሜዳ ላይም ያስሄዳል። የሚያጥረው ብዙ ነዳጅ ሲጠየቅ፣ ማለትም ዳገት ላይ ነው። ስካነር ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር አለ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ቁጥሩ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቤንዚን ሲሰጠው ወደ ልኩ ከወረደ፣ አየር በሆነ ቀዳዳ እየገባ ነው። ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ በጭነት ጊዜ ከወጣ ግን ነዳጁ እያነሰ ነው፣ ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር ቆሽሾ የሚገባውን አየር አሳንሶ እየነገረ ነው። ፓምፑን የሚቆጣጠረው ትንሽ ሳጥን በእነዚህ ፒክአፖች ከኋላ፣ ከትርፍ ጎማው በላይ፣ ሻሲው ላይ ተጣብቆ ተሰቅሏል። የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሲበላው ይቦረቦራል። ፓምፕ ለመቀየር ታንክ ከማውረድ በፊት ተጎንብሶ እሱን ማየት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል።

«ከፍታው ነው»፣ «ፕሪሚየም ቅዳ»

አዲስ አበባ ውስጥ ካርቡራተር ያላቸውን የድሮ መኪናዎች የነዳ ሰው ከፍታ ሞተር እንደሚያውክ ያውቃል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ነዳጅ ያበዛል። ባለ ኢንጀክተር ሞተር ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ይመጥናል። ከፍታው ጉልበት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ። ሲሊንደር ግን አያስዘልልም። እንዲያውም ስስ አየር ግፊቱን ስለሚቀንስ ብልጭታው ይቀለዋል። እዚያ ላይ የሚቆራረጥ ሞተር ሕመሙን ይዞ ነው የወጣው።

ኦክቴን የሚከላከለው ነዳጁ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ሞተሩ እንዳይንኳኳ ነው፤ ያልመጣን ብልጭታ አያመጣም። በኮሎራዶ «ሬጉላር» ተብሎ የሚሸጠው 85 ኦክቴን ሲሆን ፎርድ ለዚህ ሞተር የሚጠይቀው 87 ነው። ተሳቢ ለሚጎትት ሰው 87 መቅዳት ተገቢ ነው፣ ሚስፋየሩ ግን ከዚያም በኋላ እንዳለ ይቀራል።

«ባትሪውን ንቀለው፣ መብራቱ ይጠፋል»

ይጠፋል። ከመብራቱ ጋር ስህተቱ የተያዘበት ቅጽበት መረጃም ይጠፋል፤ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ ጭነቱ። ለመርማሪ ከዚህ የሚበልጥ ፍንጭ የለም።

ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ደግሞ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይነድዳል፣ ውስጡንም ያቀልጠዋል። «ኮንቨርተሩ ተዘግቶ ነው ሚስፋየር ያመጣው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በተገላቢጦሹ ነው፤ ችላ የተባለ ሚስፋየር ኮንቨርተሩን ገድሎታል። መብራቱ ብልጭ ካለ እግርን ከቤንዚን ማንሳት፣ ዳር መያዝ፣ ካላቆመም ተሳቢውን ፈትቶ መተው ይሻላል።

«ካምቢዮው ነው»

በሰዓት ከ65 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ በቀላል ቤንዚን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ሲቆልፍ መኪናው ሸካራ መንገድ ላይ እንዳለ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የተለመደው ፈተና ፍሬኑን በስሱ መንካት ነው፤ ቁልፉ ይለቃል፣ መንቀጥቀጡ ከቆመ «ካምቢዮ ነው» ይባላል። ነገር ግን ቁልፉ ሲለቅ የሞተሩ ጭነትም አብሮ ይቀላል፣ ስለዚህ የደከመ ቦቢናም በዚያው ቅጽበት ጸጥ ይላል። በዚህ ፈተና ብቻ ካምቢዮ ማስወረድ ትልቅ ስህተት ነው።

የሚለየው ቆጠራው ነው። ሞድ 6 የሚያነብ ስካነር ኮድ ባይኖርም እያንዳንዱ ሲሊንደር ስንት ጊዜ እንደዘለለ ያሳያል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ አንዱ ሲሊንደር ቁጥሩ ዘሎ ሌሎቹ ዜሮ ላይ ከሆኑ ነገሩ ሞተሩ ነው፤ ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ወደ ካምቢዮው መሄድ ይቻላል። ቦቢናው፣ ጎማው፣ ካንዴላውና ኢንጀክተሩ ተፈትሸው ያው ሲሊንደር ዳገት ላይ መቁጠሩን ካላቆመ ኮምፕሬሽን መለካት ይቀራል። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግሩ ቫልቭ፣ የፒስተን ቀለበት ወይም የቴስታታው ጋስኬት ላይ ነው፤ ቴስታታው የሚከፈተውም ያን ጊዜ ብቻ ነው።