የድመቷ ክኒንና የቀዶ ሕክምናው ጠዋት

አምሎዲፒን በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የታወቀ ክኒን ነው፤ የደም ግፊት ያለባቸው አዛውንቶች በየቀኑ ይውጡታል። ይኸው መድኃኒት በአሜሪካና በአውሮፓ ክሊኒኮች ለድመትም ይታዘዛል። መጠኑ ግን ጉድ ያሰኛል፦ የ5 ሚሊ ግራሙ ክኒን ስምንት ቦታ ተቆርጦ አንዱ ፍርፋሪ፣ 0.625 ሚሊ ግራም፣ የአንዲት ድመት የቀን ድርሻ ነው። ያውም ካልተፋችው።

ድመት ግፊት ሲይዛት አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የደከመ ኩላሊት ወይም ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ይገኛል፤ ሁለቱም ከዕድሜ ጋር የሚመጡ ናቸው። ብዙ ባለቤቶች ነገሩን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ድመቷ ዓይኗ ፈጦ ከወንበር እግር ጋር ትጋጫለች፤ ግፊቱ ሬቲናዋን ከቦታው አላቆት በድንገት ታውራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች መመሪያ የላይኛውን ቁጥር ከ160 ጀምሮ ግፊት፣ ከ180 ጀምሮ ደግሞ ከባድ ግፊት ይለዋል።

እነዚሁ ያረጁ ድመቶች ጥርሳቸውም ይበላሻል። ሰው ጥርሱን ሲያስነቅል ድዱ ብቻ ደንዝዞ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ድመት ግን እሺ ስለማትል ሙሉ ሰመመን ግድ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በየክሊኒኩ የተለመደው የሰመመን ጋዝ አይሶፍሉሬን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ በመጠኑም ቢሆን የልብን ጉልበት ያዳክማል። ስለዚህ ጤነኛ እንስሳም እንኳ ሲተኛ ግፊቱ ይወርዳል። የነቃ አካል እንዲህ ያለ መውረድ ሲገጥመው ዝም አይልም። ነርቮች የደም ሥሩን ያጠብቁታል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊትም ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ለቅቆ ደም ሥር አጥባቂውን አንጂዮቴንሲን ያስነሳል። ጋዙ የነርቮቹን መከላከያ ያደበዝዘዋል። የቀረውን የሚነካው ባለቤቱ ጠዋት የሰጠው ክኒን ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞቹ የሚፈሩት ድንበር አማካይ ግፊት 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በታች ኩላሊትና አንጎል የደም ፍሰታቸውን በራሳቸው ማስተካከል ይሳናቸዋል። ቀድሞ የታመመ ኩላሊት ያላት ድመት ደግሞ እዚያ ብዙ ደቂቃ መቆየት የለባትም።

ታዲያ ጠዋት ክኒኑ ይሰጥ ወይስ ይቅር? መልሱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ኢናላፕሪልና ቤናዜፕሪል የአንጂዮቴንሲንን መንገድ የሚዘጉ ናቸው። የዚህ ወገን መድኃኒቶች ታሪክ ከእባብ ይነሳል፦ ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃራራካ እፉኝት መርዝ ላይ የሠራው ምርምር መንገድ ጠርጎ የመጀመሪያው ክኒን ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የወሰደ እንስሳ በአይሶፍሉሬን ሥር ሲተኛ አካሉ ግፊቱን የሚያነሳበት አንድ መንገድ ተዘግቶበታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የሰመመን ሐኪሞች የዚያን ጠዋት መጠን ያስቀራሉ፤ ልቡ የደከመ ውሻ ከሆነ ግን የልብ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይወስኑም።

አምሎዲፒን ሌላ ጠባይ አለው። ከአንድ ቀን በላይ ደም ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ጠዋት ቢዘለል ከአካል አይወጣም፤ ቀናት ቢቋረጥ ደግሞ ግፊቱ ተመልሶ ያሻቅባል፤ ከዚያ የሚከተለው የዓይን ነገር ነው። ስለሆነም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወትሮው ይሰጣል። እንደ አቴኖሎል ያሉት የልብ ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶችም በድንገት አይቆሙም። ባለቤት በገዛ ፈቃዱ «ለጥንቃቄ» ብሎ ክኒን ማቋረጡ፣ ይህ ሁሉ ልዩነት እያለ፣ ከጥንቃቄ አይቆጠርም። ለክሊኒኩ የሚጠቅመው የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና መጨረሻ የተሰጠበት ሰዓት ነው።

ድመቷ ከተኛች በኋላ የፊት እግሯ ላይ ጠባብ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ይታሰራል፤ ስፋቱ ከእግሯ ዙሪያ 30 እስከ 40 በመቶ ካልሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። ከሥሩ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ጄል ተቀብቶ፣ ዶፕለር የሚባለው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይቀመጣል። ደሙ ሲያልፍ «ሹፍ፣ ሹፍ» ይላል። ጨርቁ ሲነፋ ድምፁ ይጠፋል፣ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ይመለሳል፤ የተመለሰበት ቁጥር የላይኛው ግፊት ነው።

ቁጥሩ ከወረደ መጀመሪያ የሚነካው የጋዙ መዘውር ነው። ጋዝ እንዲቀነስ ደግሞ ሕመሙ በሌላ መንገድ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም መንጋጋዋን በመርፌ አስቀድሞ ያደነዝዛል። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ይከተላል፤ ይህም በልክ ነው፣ የተደበቀ የልብ ሕመም ያላት ድመት ሳንባዋ በፈሳሽ ሊሞላ ይችላልና። ይህ ካልበቃ እንደ ኢፌድሪን፣ ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የእነ ኢናላፕሪል ወገን የከለከለው ግፊት ለእነዚህም አልነሳ ሲል ቫሶፕረሲን ይሞከራል።

አደጋው ምን ያህል ነው? በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተደረገው ትልቅ ጥናት፣ በሰመመንና በማስታገሻ ምክንያት የሞቱት ጤነኛ ድመቶች 0.11 በመቶ፣ የታመሙት ደግሞ 1.40 በመቶ ነበሩ። ከሞቱት ድመቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት። ስለዚህ ጥንቃቄ የተሞላበት ክሊኒክ ጨርቁን ድመቷ እንደነቃች ወዲያው አይፈታም። እንደ ሜሎክሲካም ያለ የሕመም ማስታገሻም ከመስጠቱ በፊት ግፊቷ ምን ያህል እንደወረደና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይመለከታል፤ መድኃኒቱ የተጎዳ ኩላሊትን ይብስ ሊጎዳ ይችላልና። የቀረው ክኒን የሚመለሰው ድመቷ በልታ፣ ጠጥታ፣ ግፊቷ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው።