ለሚያስነጥሰው ቤት የሚሆን የድመት አሸዋ

ቤቱ ውስጥ ድመት ያለ ሰው ሲያስነጥስ ጥፋቱ የድመቷ ይሁን የመጸዳጃ ሳጥኗ ወዲያው አያውቅም። የድመት አለርጂ ዋነኛ መነሻ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ከምራቋና ከቆዳዋ ዕጢዎች ይመነጫል፤ ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና ከፎረፎሯ ጋር በየክፍሉ ይበናል። ይህን የሚያስቀር አሸዋ የለም፤ ከረጢቱ ላይ «ለአለርጂ ተስማሚ» ተብሎ ቢጻፍም። አሸዋው የሚጠየቅበት ሌላ ነው፦ ብናኝ፣ ሽቶና አሞኒያ።

የብናኙ ነገር ከአፈሩ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚቺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የተባለ ነጋዴ፣ የፈሰሰ ዘይት እንዲመጥጥ ለፋብሪካዎች ይሸጥ ከነበረው የሸክላ አፈር ለጎረቤቱ ድመት ቆንጥሮ ሰጠ። ከዚያ በፊት ለቤት ድመት የሚነጠፈው አሸዋ፣ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነበር። አፈሩ ሽንቱን መጥጦ ሽታውን ስለያዘ ተወደደ። በ1980ዎቹ ደግሞ ቤንቶናይት መጣ፤ ሽንት ሲነካው አብጦ ስለሚጓጉል ጓሉን ብቻ ዝቆ መጣል ይቻላል። ለጽዳት ግሩም ነው፤ ነገር ግን ደቃቅ በሆነ ቁጥር ከከረጢቱ ሲገለበጥም ሆነ ድመቷ ስትጭረው ይቦናል። ብናኙ ክሪስታል ሲሊካ ሊኖረው ስለሚችል አስም ላለበት ሰው አይመከርም። አስም ድመትንም ይይዛል፤ የእሷ አፍንጫ ደግሞ ከአፈሩ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም።

ለእንዲህ ያለ ቤት እኔ የማስቀድመው ከተፈጨ ወረቀት ተጨምቆ የሚሠራውን ነው። ብናኙ ጥቂት ነው፤ ሽታ በመያዝ ግን ከቤንቶናይት ያንሳል፣ ቶሎ ቶሎ መለወጥም ይፈልጋል። ሲሊካ ጄልም ብናኙ አነስተኛ ነው፣ ሽንትም በደንብ ይመጥጣል፤ አንዳንድ ድመት ግን ሻካራነቱን አትወድም። ከስንዴ፣ ከበቆሎ ወይም ከዋልነት ቅርፊት የሚሠሩት «ተፈጥሯዊ» ስለተባሉ ብቻ አይታመኑ፤ የስንዴ ወይም የለውዝ ዘር አለርጂ ያለበት ሰው እዚያው ቤት ሊኖር ይችላል። ከእንጨት ከሚሠሩት መካከል የሴዳር ዱቄት በአስም አስነሺነቱ የታወቀ ነው።

ሽቶ ያለውን ጨርሶ ይተዉት። ሽቶው የሚጨመረው ለገዢው እንጂ ለድመቷ አይደለም፤ ላቬንደር ጠይቃ የምታውቅ ድመት የለችም! አሞኒያን የሚያሸንፈው በየቀኑ መዛቅ ነው፤ ክዳን ያለው ሳጥን ግን ሽታውንም ብናኙንም አምቆ ድመቷ ላይ ይዘጋባታል።

አለርጂ የሌለበት ሰው ካለ ጽዳቱን እሱ ይያዝ፤ ከሌለ አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ አሸዋውን ከሳጥኑ አፍ ሳይርቁ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው። አዲሱንም በአንድ ጊዜ አይተኩት፤ ከቀድሞው ጋር በየቀኑ መጠኑን እየጨመሩ ያደባልቁት። በድንገት የተለወጠባት ድመት ሳጥኑን ትታ ምንጣፍ ላይ ልትሸና ትችላለች።