ብቻውን የሚያምር የጊታር ድምፅ ዘፈን ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ማታ ሄድፎን አድርጎ፣ ላፕቶፑ ላይ የአምፕ ሶፍትዌር ከፍቶ ለሚጫወት ጊታሪስት ግዙፍ ድምፅ ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም። ቤዙን ከፍ፣ ሚድሉን ዝቅ፣ ትሬብሉን ከፍ፣ ጌይኑን እስከ ጥግ ማዞር ነው፤ አንድ ሪፍ ሲመታ ግድግዳው የሚናድ ይመስላል። በማግስቱ ድራምና ቤዝ ጊታር ሲጨመርበት ግን ያ ሁሉ ግርማ የለም። ጊታሩ ከድራሙ ጀርባ የሚንሿሿ ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከፍ ቢያደርጉት ድምፃዊውን ይሸፍናል፣ ዝቅ ቢያደርጉት ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ጥሩ አምፕ ስለሌለኝ ነው ይላል። እኔ ግን በአብዛኛው ችግሩ ድምፁ በተመረጠበት ሁኔታ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ለሃርድ ሮክ የሚሆን የጊታር ድምፅ መመረጥ ያለበት ከነድራሙና ከነቤዙ እየተሰማ ነው።

ከጆሮ እንጀምር። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የአሜሪካው ቤል ላብስ ተመራማሪዎች በ1933 ያሳተሙት ጥናት (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል እንደማይሰማ በግልጽ አሳይቷል። የምናዳምጠው ነገር ዝቅ ሲል ወፍራሙ ድምፅ ከመካከለኛው ቀድሞ ይደክምብናል፤ በጣም ቀጭኑም እንዲሁ በመጠኑ ይቀንሳል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ዝቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው እንግዲህ የጎደለ የሚመስለውን ቤዝና ትሬብል ሳያውቀው ይጨምራል። ያው ቅጂ በኋላ በመኪና ወይም በትልቅ ስፒከር ሲከፈት ታቹ ይጎረብጣል፣ ላዩ ጆሮ ይወጋል፣ መሐሉ ባዶ ነው። ድምፅ ስትመርጡ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀን ላይም ቢሆን፣ ሰው ከሚነጋገርበት መጠን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስሙት።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ያህል ነው፤ ክሩ ወደ ዲ ሲወርድ፣ ዘመናዊ ሃርድ ሮክ እንደሚወደው፣ 73 ሄርዝ ይሆናል። የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ላይ ነው። ኪክ ድራሙም ጉልበቱን የሚያወጣው እዚያው ታች፣ ከ50 እስከ 100 ሄርዝ አካባቢ ነው። ጊታሩ እዚህ ከሁለቱ ጋር ቢጋፋ የሚያተርፈው ነገር የለም። ጊታር ማንም ሳይቀማው የሚኖረው መሐል ላይ፣ በግምት ከ400 እስከ 2,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው፤ ሚድል የተባለው ቁልፍ በአብዛኛው የሚነካውም ይህንኑ ነው። ሚድሉን ዜሮ ያደረገ ሰው የጊታሩን ዋና ድርሻ ነው የጣለው።

ምሳሌ ለሚፈልግ ሰው በ1988 የወጣው የሜታሊካ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አለ። ሪፎቹ ድንቅ ናቸው፤ ጊታሩ ሚድሉ የተቆረጠ፣ ታቹ የከበደ ነው፤ ቤዝ ጊታሩ ደግሞ ከሞላ ጎደል አይሰማም። ከዚያ ሄዳችሁ በ1980 የወጣውን የኤሲዲሲን «ባክ ኢን ብላክ» ስሙ። ጊታሩን ብቻ ለይቶ ለሚሰማው ሰው ዲስቶርሽኑ የሚያስደነግጥ ያህል ትንሽ ነው። ከቤዝ ጊታሩና ከድራሙ ጋር ሲገጥም ግን እንደ ተራራ ይቆማል። በሃርድ ሮክ የጊታር ክብደት የምንለው ነገር ግማሹ ከቤዝ ጊታሩ የሚመጣ ነው፤ ይህን ያመነ ሰው የራሱን ቤዝ ቁልፍ ዝቅ ለማድረግ እጁ አይከብደውም።

አሁን ወደ ዲስቶርሽኑ ራሱ እንግባ፤ እኔ በበኩሌ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አምፕ የሚቀበለው የክሩን ንዝረት በኤሌክትሪክ ሞገድ መልክ ነው። ሞገዱ አምፑ ከሚችለው በላይ ሲያብጥ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። የተቆረጠ ሞገድ ክሩ ያልነበረው አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል፤ ያ ቁጣና ድምቀት ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይከሰታል፦ አምፑ የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ያሰማል።

በቁጥር እንየው። ኤ 110 ሄርዝ፣ ከላዩ ያለው ኢ 164.8 ሄርዝ ነው። ልዩነታቸው 54.8 ነው፤ ይህ ከኤው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ያለው ኤ፣ 55 ሄርዝ ማለት ይቻላል። ማንም ያልመታው ወፍራም ኤ ከታች ብቅ ይላል። ፓወር ኮርድ በሁለት ጣት ብቻ ተይዞ ያን ያህል የሚገዝፈው ለዚህ ነው። አሁን በኢው ፈንታ ሲ ሻርፕ፣ 138.6 ሄርዝ፣ አድርጉት። ልዩነቱ 28.6 ይመጣል። ከኤው ሁለት ኦክታቭ ወርዶ ያለው ኤ 27.5 ስለሆነ ከዚያ ጋር አይገጥምም፣ የየትኛውም ኖታ ትክክለኛ ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ኮርዱ ይደፈርሳል። ባለ ሦስት ኖታ ሙሉ ኮርድ የምትጫወቱበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ጌይኑን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። አለዚያ ደግሞ ኖታዎቹን ለያይቶ በተለያየ ትራክ መቅዳት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ብቻውን በዲስቶርሽን ሲያልፍ የሚጋጭበት ነገር የለም።

ከዚህ አንድ ሕግ ይከተላል፦ ወፍራም ድምፅ ከዲስቶርሽኑ በፊት ሲበዛ ጭቃ ይሆናል፣ ከዲስቶርሽኑ በኋላ ሲጨመር ክብደት ይሆናል። ታዋቂዎቹን አምፖች በዚህ ዓይን ስታዩአቸው ጠባያቸው ግልጽ ይሆናል። ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ካለው መደብሩ ሥራ ሲጀምር መነሻ ያደረገው የአሜሪካውን ፌንደር ባስማን ሰርኪት ነበር። በ1981 የመጣው ጄሲኤም 800 የዚያ ዘር ነው፤ ሚድሉ ወደ ፊት የወጣ፣ ጌይኑም እንደ ዛሬዎቹ ያልበዛ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከካሊፎርኒያ የመጣው ሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየር ታቹ ሰፊና ልል ነው። ፒቪ ከኤዲ ቫን ሄለን ጋር ሠርቶ በ1992 ያወጣው 5150 (ውላቸው ካበቃ በኋላ 6505 የተባለው) ጌይኑ የበዛ፣ የተጨመቀና ቁጡ ድምፅ አለው። በሜሳ ማርክ አምፖች ላይ ደግሞ የቤዝ ቁልፉ ከዲስቶርሽኑ በፊት ስለሆነ የሚያውቋቸው ሰዎች ከታች ጥግ አካባቢ ይተዉታል፤ የጎደለውን ከኋላ ባለው ባለ አምስት ማንሸራተቻ ኢኳላይዘር ይመልሱታል። የእነዚህ ሁሉ አምሳያ በሶፍትዌር ይገኛል። ስሙን ብቻ አይቶ ከመምረጥ ቤዙ የሚቆረጠው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

ልል ታች ላለው አምፕ የቆየ መድኃኒት አለ፦ አረንጓዴው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል ወይም አምሳያው። አጠቃቀሙ ለጀማሪ እንግዳ ነው። ድራይቩ ዜሮ አካባቢ፣ ሌቭሉ ጥግ ድረስ ይሆንና ከአምፑ ፊት ይቀመጣል። ፔዳሉ ከ700 ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ቀስ በቀስ እያሳነሰ መሐሉን ወደ አምፑ ይገፋዋል። የሠራ መሆኑን ለማወቅ የቀኝ እጃችሁን ጠርዝ ድልድዩ አጠገብ ክሩ ላይ አሳርፋችሁ ወፍራሙን ክር በፍጥነት ደጋግማችሁ ምቱ። በሁለት ምት መካከል አጭር ዝምታ ይሰማል? ከተሰማ ጥሩ ነው። ምቶቹ ተያይዘው አንድ ጉርምርምታ ከሆኑ ጌይኑን ወይም ከፊት ያለውን ቤዝ ቀንሱ፤ ዝምታው እስኪመለስ ድረስ አትቁሙ።

ብዙ ሰው በአምፑ ሲጨነቅ የሚዘነጋው ስፒከሩን ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ ወዲያ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥላል። የአምፕ ሶፍትዌር ላይ የካቢኔት ክፍሉን አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ የሚሰማው ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነው። ሴለስቲየን በ1986 ያወጣው ባለ 12 ኢንች ቪንቴጅ 30 በዘመናዊ ሃርድ ሮክ ቀረጻ ላይ በየቦታው ይገኛል፤ መሐሉ ስለታም ነውና ሪፉን ወደ ፊት ያወጣዋል። ፊቱ የሚቆመው ማይክ አብዛኛውን ጊዜ ሹር በ1965 ያወጣው ኤስኤም 57 ነው። ማይኩ ወደ ስፒከሩ እምብርት ሲያነጣጥር ድምፁ ብሩህና ስለታም፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ የደበዘዘና ለስላሳ ይሆናል፤ የአንድ ሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት በአምፑ ላይ ትሬብልን ብዙ ከማዞር ይበልጣል። በቤት ውስጥ ሥራ ይህን የሚተካው ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ የአንድ ስፒከር፣ የአንድ ማይክና የአንድ አቀማመጥ የድምፅ አሻራ ይዟል። ስለዚህ ድምፁ ጆሮ ከወጋ ቁልፍ ከማዞር በፊት ፋይሉን ቀይሩ። ግን በሺህ የሚቆጠር ፋይል አውርዶ አንድ በአንድ መስማት ጆሮን አድክሞ ፍርድ ያሳጣል፤ አራት አምስት የተለያዩ መርጦ እነሱን ማወቅ ይሻላል።

ቤት ውስጥ መቅዳት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቶም ሾልዝ የፖላሮይድ ኩባንያ መሐንዲስ እያለ በ1976 የወጣውን የቦስተን ባንድ የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል የቀዳው በቤቱ ምድር ቤት ነው። በኋላም የአምፕን ጩኸት የሚያበርድ ፓወር ሶክ የሚባል ዕቃ፣ ቀጥሎም በሄድፎን የሚሰማ ሮክማን የተባለ ትንሽ አምፕ ሠራ። በ1987 የወጣው የዴፍ ሌፓርድ «ሂስቲሪያ» ጊታሮች በዚያች ትንሽ ዕቃ በብዛት ተቀድተዋል። ፉ ፋይተርስም በ2011 የወጣውን «ዌስቲንግ ላይት»ን የቀዱት በዴቭ ግሮል ጋራዥ ውስጥ ነው። ዛሬ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ የእውነተኛ አምፖችን ጠባይ በሚገርም ቅርበት ይይዛል። የሚያስፈልገው ኦዲዮ ኢንተርፌስና ላፕቶፕ ነው። በሚቀዱበት ጊዜ በፈሩ 128፣ ሳምፕል ሬቱ 48,000 ከሆነ በፈሩ ብቻውን የሚያመጣው መዘግየት 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የመግቢያና የመውጫው ተደምሮም ቢሆን ለመጫወት አያስቸግርም።

የመብራት ጉርምርምታም አለ። ኢትዮጵያና አውሮፓ 50 ሄርዝ፣ አሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፤ ጌይን ሲበዛ ይህም አብሮ ያድጋል። ሴት ላቨር በ1955 ለጊብሰን የሠራው ሃምባከር ፒካፕ የተፈጠረው ይህንኑ ለማጥፋት ነው። ጊታሩ ሲንግል ኮይል ፒካፕ ያለው ከሆነ ከላፕቶፑና ከቻርጀሩ ራቅ ብላችሁ፣ ፊታችሁን እያዞራችሁ ጉርምርምታው የሚቀንስበትን አቅጣጫ ፈልጉ።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ፣ ሪፉን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ማድረግ የዚህ ሙዚቃ መሠረት ነው። አንዱን ትራክ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ግን አይሠራም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጆሮ መሐል ላይ ያለ አንድ ጊታር አድርጎ ይሰማቸዋል። ስፋቱ የሚመጣው እጅ ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት መምታት ስለማይችል ነው። ሁለት ጊታር ሲደመር ዲስቶርሽኑም ይደመራልና ብቻውን ሲሰማ በቂ ከሚመስለው ጌይን ቀንሱ። ለግራው አንድ አምፕ፣ ለቀኙ ሌላ መጠቀምም ያምራል፤ ማርሻል መሰሉን ከሬክቲፋየር መሰሉ ጋር ማጣመር እኔ የምወደው ነው።

በአማርኛ ለምትዘፍኑ አንድ ነገር ልጨምር። ጃኖ ባንድ ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላዝዌል ጋር በ2012 ካወጣው «ኤርታሌ» ወዲህ ከባድ ጊታርና አማርኛ አብረው እንደሚሄዱ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ግጥሙ መሰማት አለበት። ጠ፣ ጨ፣ ቀን የመሳሰሉ ተነባቢዎች ጥርት ብለው የሚለዩት ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው፤ የጊታሩ ፕሬዘንስ ቁልፍ የሚያጮኸውም ከሞላ ጎደል እዚያው ነው። ድምፃዊው እየዘፈነ ፕሬዘንሱን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉ፤ ቃሉ ጥርት ሲል አቁሙ። ከዚያ ጊታሩ ላይ ከ80 ወይም 100 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ቤዝ ጊታሩ እንዲገባበት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ንጹሑን፣ አምፕ ያልነካውን የጊታር ድምፅ ሁልጊዜ ለብቻው ቅዱት። ሶፍትዌሩ ላይ የምትሰሙት አምፕ በዚያ ላይ የተደረበ ብቻ ይሁን። ቤዝ ጊታሩና ድምፃዊው ገብተው ሲያበቁ አምፑን፣ ፔዳሉን ወይም የስፒከሩን ፋይል ብትቀይሩ እንደገና መጫወት አያስፈልጋችሁም።