ቡናው ይቅደም

በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚያገለግል ሰው ዘወትር ከሚሰማቸው ቃላት መካከል «ደኅና ስሆን እጀምረዋለሁ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም የለም። ድብርት የያዘው ሰው ሥራውንና ወዳጁን፥ ጸሎቱንና የገላውን ንጽሕና ሳይቀር፥ ፈቃዱ እስኪመለስለት ድረስ ለነገ ሲያሳድር፥ ያሳደረው ነገር ደግሞ ሕመሙን ይመግበዋልና፥ በመተኛቱ ይደክማል፥ በመድከሙም ይተኛል። ቤተ ሰብ ይህን አይቶ ሐኬት ነው ይላል፤ ፍርዱ ሐሰት ከመሆኑም በላይ ጭካኔ አለበት፤ ሰነፍ በስንፍናው ሲደላው እንጂ በስንፍናው ሲያለቅስ አላየሁምና።

አንዲት ባልቴት ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። «ራሴን ይፈልጠኛል፥ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፥ እንቅልፍም እምቢ አለኝ» አሉ እንጂ ስለ ኀዘናቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በአገራችን ትካዜ በሥጋ አፍ መናገር ይቀናዋል። ጠይቄ እንደተረዳሁት ጀበና ከጣዱ፥ ጎረቤትም ከጠሩ ሰንብተዋል።

«ልጄ፥ ደስታው ሲመለስልኝ አፈላለሁ» አሉኝ።

«እማማ፥ ቡናው ይቅደም፤ ደስታው ከኋላ ይደርሳል» አልኋቸው።

ትእዛዜም ይኸው ነበር፤ ጧት በአንድ ሰዓት ከአልጋ መውረድ፥ የማለዳ ብርሃን የእንቅልፍን ሥርዓት ያቀናልና መስኮት መክፈት፥ ፊትን መታጠብ፥ ከዚያም አንዲት ጎረቤት ጠርቶ አቦሉን ብቻ አብሮ መጠጣት። ቶናና በረካ አልጨመርሁም፤ የደከመ ፈቃድ ብዙ ሲጫኑበት ጭራሹን ይተኛል። በቀጠሯቸው ቀን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ቡናው አልጣፈጠኝም» አሉ። አፍልተዋል ማለት ነው፤ ለጊዜው ሌላ አልፈለግሁም።

ምክሩ የዘመኑ ሐኪሞች ብቻ ያገኙት አይደለም። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ትካዜ ከብዶት በጸለየ ጊዜ፥ በእርሱ አምሳል የተገለጠ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ደግሞም ወደ ሥራው ሲመለስ እንዳየ በአበው ዜና ተጽፎአል። በ1996 እ.ኤ.አ. ኒል ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናትም፥ የዕለት ተግባራቸውን ደረጃ በደረጃ እንዲመልሱ ብቻ የተረዱት ሕሙማን፥ ሐሳባቸውን የመመርመር ትምህርት ከተጨመረላቸው ባላነሰ ተሽሏቸዋል። በእንጦንስ ገመድና በእማማ ጀበና መካከል ብዙ ርቀት አይታየኝም።

ስለ እንቅልፍ ጥቂት ልናገር። የቡና ኃይል ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ይቀራልና ከቀትር በኋላ ያለው ይቅር። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል፥ እኩለ ሌሊት ላይ ግን መልሶ ይወስደዋል። ጫትማ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱን አብዝቶ ይመልሰዋል።

ልማድ ግን ሁሉን አይፈውስም። ትካዜው ሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ ከቆየና ከሥራ ካገደዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፥ ዛሬውኑ፥ ሰው አስከትለው ይሂዱ። የታዘዘልዎ መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና፥ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብለው አይተዉት። ጸበል የሚጠመቁም ከሆነ ጸበሉንና ክኒኑን አብረው ያስኪዱ፤ ያለ ሐኪምዎ ምክር አያቋርጡ።