በመቀስ የተሠራ ሳሎን

ስሙ ረጅም ነው፦ «ለመሆኑ የዛሬን ቤቶች እንዲህ ልዩ፣ እንዲህም ማራኪ ያደረጋቸው ምንድን ነው?» ሥዕሉ ግን 26 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቅ ደብተር ቢከደንበት ይሸፈናል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1956 ከመጽሔት እየቆረጠ የለጠፈው ኮላዥ ነው። ግድግዳው በጋዜጣ በተለበጠ ቤት ያደገ አንባቢ ሥራው አይጠፋውም፦ ሙጫ፣ ወረቀት፣ የሌላ አገር ሰው ፎቶ።

ጠጋ ብለን እንየው። ጡንቻው የፈረጠመ ወንድ በሙታንታ ብቻ ቆሟል። እንደ ቴኒስ ራኬት የያዘው ግዙፍ ከረሜላ ነው፤ መጠቅለያው ላይ «ፖፕ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሶፋው ላይ እርቃኗን የተቀመጠች ሴት አለች፤ ባልና ሚስት ከሆኑም አይተያዩም። አባዡሩ ላይ የፎርድ አርማ፣ ወለሉ ላይ ቴፕ ሪከርደር፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስልክ የምታናግር ሴት። ደረጃውን በቫኪዩም የምታጸዳ ሌላ ሴት ደግሞ አለች። ቱቦው ላይ ያረፈው ቀስት ተራ ማጽጃ የሚደርሰው እስከዚህ ብቻ ነው ይላል። ማሽኑ ሳሎን የገባው ከነማስታወቂያው ነው።

ሃሚልተን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የፋብሪካ መሣሪያ ንድፍ ይሠራ ስለነበር ማሽን እንግዳው አልነበረም። እንግዳ የሆነበት ጥጋቡ ይመስለኛል። ጠረጴዛው ላይ፣ አበባ በሚቀመጥበት ቦታ፣ የታሸገ የአሳማ ሥጋ ቆርቆሮ ጉብ ብሏል። ብሪታንያ ውስጥ ሥጋ ከራሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954፣ ከምግብ ሁሉ መጨረሻ ነው። ገና ሁለት ዓመቱ! የተቆረጡት መጽሔቶችም በአብዛኛው የአሜሪካ ናቸው፤ ወዳጁ አርቲስት ጆን ማክሄል ከዚያ ያመጣቸው። ብዙዎች ሥዕሉን በሸማችነት ላይ እንደተሰነዘረ ፌዝ ያዩታል። ፌዙስ አለ፤ ግን በሰው ቤት መስኮት አሻግሮ የሚያይ ጎረቤት ምኞትም አለበት።

ሥራው የታሰበው ለግድግዳ አልነበረም። ለንደን ውስጥ በኋይትቻፕል ጋለሪ ለተከፈተው «ይህ ነገ ነው» ለተባለው ዐውደ ርእይ ካታሎግና ፖስተር ነበር የተሠራው። ዋናው ቅጂ ዛሬ ጀርመን፣ በቱቢንገን ኩንስትሃለ ይዞታ ሥር ይገኛል። ለእይታ ቀርቦ ካገኛችሁት መነጽር ይዛችሁ ግቡ።